እትዬ ተሬዛ የማትጠራት ፊደል

«እትዬ ተሬዛ ሞተች።»

ሰላምታ የለ፣ እንዴት ዋልክ የለ። ደዋዩ የድሮ ሰፈሬ የሆሳዕናው ባለባጃጅ አየለ ነው። እኔ ዱራሜ ሱቄ ውስጥ የሰው ሪሲቨር ፈትቼ ካቻቢቴ ይዤ ቆሜ ነበር። «ምን አልክ?» አልኩት። ደገመልኝ። መቼስ ሰው ሲሞት ሞተ ነው የሚባለው፤ አየለ ሌላ ምን ይበል? እኔን ግን ቃሉ ከስሟ ጋር አልገጥም አለኝ። ይቺ ሴት ያን ቃል ዕድሜዋን ሙሉ ስትሸሸው የኖረች ናት። ከአፏ ሲወጣ የሰማሁት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱንም ባልሰማሁት ይሻለኝ ነበር።

ቀብሯ ላይ ደርሻለሁ። ሰዉ ስለ ደግነቷ፣ ስለ ጸሎቷ፣ ስለ ሥራዋ አወራ። እኔ ደግሞ ስለ ፊደሏ ማውራት ፈልጌ ቦታ አጣሁ። ለቅሶ ላይ እንዲህ ያለ ወሬ ቢያነሱት ሰው ቀልድ ይመስለዋል። ሆዴን ቢበላኝ ነው እዚህ የምጽፈው።

ሆሳዕና፣ ጎፈር ሜዳ፣ ከእትዬ ተሬዛ ግቢ ፊት ለፊት ሱቅ ነበረችኝ። ዲሽ እሰቅላለሁ፣ ሪሲቨር እጠግናለሁ፣ ፊልምና ተከታታይ ድራማ አውርጄ ፍላሽ ላይ እጭናለሁ። ሥራዬን የሚንቅ ነበር፤ «ፊልም ጫኙ» ይሉኛል። ግን ማታ መብራት ጠፍቶ ያደረ እንደሆነ በማግስቱ ንቀቱ ብን ብሎ ይጠፋል። መምህሩም፣ ቂቤ ነጋዴዋም፣ የወረዳው ሹምም ፍላሹን በኪሱ ይዞ «ያመለጠችኝ ክፍል አለችህ?» ይለኛል። ያን ዘመን ከቱርክ የመጡት ድራማዎች በአማርኛ እየተናገሩ በዲሽ መግባት የጀመሩበት ነው። አገሩ አበደ። ኢንተርኔቱ ደግሞ እንደ ልቡ ነው፤ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ሳምንቱን ሙሉ ይዘጋል። አንዷን ክፍል ለማውረድ የምታገለውን እኔና ኮምፒውተሬ እናውቀዋለን።

እትዬ ተሬዛ የክሊኒክ ካርድ ክፍል ሠራተኛ ነበረች። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ተረበኛ። የአንጋጫ ልጅ ናት፣ ከምባታ፤ ሀዲያ አግብታ ነው ሆሳዕና የቀረችው። ባሏ ካረፈ ቆይቷል። ቤት ውስጥ የቀሩት እሷና አማቷ እማማ አረጋሽ ናቸው፤ አንድ ልጇ ታረቀኝም ደቡብ አፍሪካ እስኪሄድ ድረስ አብሯቸው ነበር።

መጀመሪያ የተዋወቅን ሰሞን ትንተባተባለች ብዬ ነበር። «እትዬ፣ ሞባይልሽ ነው የተበላሸ?» ስላት «ስልኬን ነው?» ትለኛለች። ሞተር ሳይክል «ባለ ሁለት እግሩ» ነው። ታክሲ ሞላ አትልም፣ «ጢም አለ» ነው። ሻዩ ሞቅ ይበልልኝ አትልም፣ «ትኩስ አድርገው» ነው። አንድ ቀን ክሊኒክ ሄጄ ወረፋ ስጠብቅ ካርድ አንስታ ስሙን አየች፣ አፏን ከፈተች፣ ዘጋች። ከዚያ «ባለ ሰማያዊ ኮቱ ሰውዬ! አዎ አንተ! ግባ!» አለች። ሰውዬው ስሙ ሞገስ ነው ለካ። እንደተናቀ ቆጥሮ ከበር እስከ በር ጮኸባት።

«ምን አጠፋ?» አልኳት ስንወጣ።

«ምንም። አባቱ ስም ሲያወጣለት እኔን አላማከረኝም» አለች።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። የባሏ አባት ሞሊሶ ነው የሚባሉት። በእነሱ አገር ያገባች ሴት የባሏን ወላጆች ስም አትጠራም። ስማቸው ብቻ አይደለም፤ ስማቸው በሚጀምርበት ድምፅ የሚጀምር ቃልም ከአፏ አይወጣም። ባሊሻ ይሉታል፣ የአክብሮት ወግ ነው። የዛሬ ልጆች ትተውታል፣ የጠበቁትም ቢሆኑ በከምባትኛ እንጂ በአማርኛ ማን ይጨነቃል? እትዬ ተሬዛን ግን እናቷ ስትድራት «አፍሽ የትም ቢሄድ ያው አፍሽ ነው» ብላታለች። በቃ፣ ከአማርኛም «ሞ» ወጣች። እማማ አረጋሽ የራሳቸውን ገና በሙሽርነቷ ነው የተዉላት፤ «የኔን ተዪው፣ ‘አ’ ካላልሽ በምን ታወሪኛለሽ?» ብለው። የአባትየውን ግን እሳቸውም ሊፈቱላት አልቻሉም። የሞሊሶን የሚፈታ ራሱ ሞሊሶ ነው፣ እሱ ደግሞ መቃብር ውስጥ ነው አሏት።

እኔ መቼም አፌ አያርፍም፣ አማርኛዋን እመረምርላት ጀመር። «ይሞታል ማለት ትችያለሽ?» «እችላለሁ፣ በ‘ይ’ ነው የሚጀምር።» «መሞትስ?» «እሱንም።» «አልሞተምስ?» «ምን ከለከለኝ!» «ሞ...» ስል በነጠላዋ ጫፍ አፌን መታችኝ። ስቀን ስቀን አላባራልን አለ።

እማማ አረጋሽ ዓይናቸው ጠፍቷል፣ ጆሯቸውም ደክሟል። ከጆሯቸው ሥር ተጠግቶ የሚያወራቸውን ሰው ይሰማሉ እንጂ ራቅ ያለ ድምፅ ድምፁ ብቻ ነው የሚመጣላቸው፣ ቃሉ አይለይላቸውም። የሁለቱም አማርኛ የትውልድ አይደለም። እሷ ሀዲይኛ በቅጡ አትናገር፣ እሳቸው ከምባትኛ አይሰሙ፣ ስለዚህ መሀል ላይ ተገናኙና በአማርኛ ኖሩ። እማማ አማርኛን በቁሟ ነው የሚያውቋት፤ ቅኔ ብትጨምርባቸው አይሆንም።

ታረቀኝ ደቡብ አፍሪካ ደርሶ ሥራ ሲይዝ መጀመሪያ የላከው ለቴሌቪዥንና ለዲሽ ነው። «አያቴ ብቻዋን ከምትውል ድምፅ ትስማ» ብሎ። ዲሹን የሰቀልኩት እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ፣ የከሰዓቱ ድጋሚ ሲጀምር፣ እትዬ ተሬዛ ከሥራ ተሯሩጣ መጥታ አማቷ ጆሮ ሥር ትቀመጥና ድራማውን ትተርክላቸዋለች። ዓይንም ጆሮም ሆነቻቸው። ተዋናዮቹን በስማቸው አትጠራም፤ «ባለ ጢሙ ቀናተኛ»፣ «ያቺ እግዜር የረሳት እንጀራ እናት»፣ «መርከበኛው» ነው የምትላቸው። እማማ እንጀራ እናቲቱን በሀዲይኛ ይራገማሉ። ዓይነ ስውር ሴት ቴሌቪዥን ላይ እጃቸውን ሲወረውሩ ብታዩ ኖሮ!

ወይ ጉድ የሚያሰኘው የመጣው መርከበኛው የሰመጠ ጊዜ ነው። ድራማው ላይ ለእናቱ አንድ የሆነ ጎረምሳ ነው፤ መርከቡ ሰጠመ፣ አስከሬኑ ተገኘ፣ እናቱ ራሷን ስታ ወደቀች። ሰፈሩ ሁሉ አለቀሰ። እትዬ ተሬዛ እማማ ጆሮ ሥር ሆና ምን ትበል?

«መርከበኛው አረፈ» አለቻቸው።

«ይረፍ እንጂ፣ ደክሞት ነው። ባሕር ያደክማል አሉ» አሉ እማማ።

«አይ እማማ... ሄደ።»

«የት ሄደ? እንደኛ ልጅ ደቡብ አፍሪካ?»

ፊታቸው በራ። ያ ሁሉ የውጭ ሰው ድንገት ዘመዳቸው ሆነ። እትዬ ተሬዛ እምቢ ልትል አንጀቷ አልቻለም፤ «አዎ እማማ» አለች። በማግስቱ ሱቄ መጥታ ይህን ስትነግረኝ በሳቅ እንባዋ ይፈሳል። «ጉድ ሆኜልሃለሁ! አሁን በየቀኑ ‘መርከበኛው ደረሰ ወይ?’ ነው። የተቀበረ ሰው ከየት አምጥቼ ላድርስላት?»

«እንግዲህ ያመጣብሽ ምላስሽ ነው፣ አድርሺው» አልኳት።

አደረሰችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ እትዬ ተሬዛ የምትተርከው ድራማና ስክሪኑ ላይ ያለው ድራማ ተለያዩ። አንድ ከሰዓት ዲሹን ነፋስ አዙሮት ላስተካክል ገብቼ በጆሮዬ ሰማሁ። ስክሪኑ ላይ ባለ ጢሙና ሚስቱ ፍርድ ቤት ቆመዋል፤ እትዬ ተሬዛ ግን «መርከበኛው ሥራ አገኘ፣ ሱቅ ውስጥ፣ አለቃው ደህና ሰው ነው» ትላለች። ታረቀኝ በስልክ የነገራትን ሁሉ ለመርከበኛው ትሰጠዋለች። እማማ ደግሞ «ለእናቱስ ይደውልላት ይሆን?» ይላሉ። «በየሳምንቱ እሑድ» ትላለች። ታረቀኝ የሚደውለው እሑድ ነበር።

ከዚያ አንድ እሑድ አልደወለም።

ወሬው ቀድሞ የደረሰው ለእኔ ነው፤ ሱቄ ኢንተርኔት አለና። እዚያ ያሉ የኛ ልጆች ናቸው የጻፉት። ታረቀኝ የሚሠራበት ሱቅ ሌቦች ገብተው መትተውታል። አስከሬኑን ማምጣት አልተቻለም፣ እዚያው ቀበሩት። ለሽማግሌዎቹ ነገርኩ። መርዶ እንደ ወጉ በማለዳ ነው የሚነገር፣ ቤቷ ሄዶ መጮህ ግን እማማን መግደል ነው። የልባቸውን ነገር የክሊኒኩ ሐኪም አስጠንቅቋል። ስለዚህ «ወንድምሽ ታሟል» ብለው አንጋጫ ወሰዷትና እዚያ ወንድሟ ቤት አረዷት። ለቅሶውም እዚያ ሆነ፤ እሷ ግን፣ ያረዷት እንዳሉኝ፣ ጮኻ አላለቀሰችም። እኛም ለእማማ «ወንድሟን ልታስታምም ሄደች» አልን። የሰፈሩ ሴቶች በየተራ ምግብ እያቀረቡላቸው፣ እንባቸውን ውጭ እየጣሉ ይገቡ ነበር።

ከአንጋጫ ስትመለስ ጥቁር ለብሳለች። እማማ ጥቁሩን አያዩት። ቤቷ ከመግባቷ በፊት ሱቄ መጣች። ተነሥቼ በርጩማ አቀረብኩላት።

«ያመለጡኝን ክፍሎች ጫንልኝ» አለች።

«ምን?»

«ድራማውን። ቴሌቪዥኑ ዝም ካለ እማማ ታውቃለች። ቤቴ ዝም ማለት የለበትም።»

ፍላሹን ተቀብዬ ጫንኩላት። ያን ቀን ከሰዓት ልጇን ያጣች ሴት ቤት የቱርክ ሙዚቃ ተሰማ። ሁሉም ሰው ነገሩን ያውቃል፣ ግን ሰው መቼም ሰው ነው፤ «ምነው፣ የልጇ አፈር ሳይደርቅ ድራማ?» የሚል አልጠፋም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፣ እሷ ግን ሰምታለች። ሆድ ይፍጀው ብላ ዋጠችው። ማልቀስ ሲያስፈልጋት እኔ ሱቅ ነበር የምትመጣው። ስፒከሩን ከፍ አድርግ ትለኛለች፣ ከጀርባ ካለችው ክፍል ገብታ ታለቅሳለች፣ ፊቷን ታጥባ ትወጣለች። አንድ ቀን እንኳ ‘ሞተ’ ብላ አላለቀሰችም። «ልጄ፣ ልጄ» ብቻ ነው።

የታረቀኝን ነገር እማማ እንዳይጠይቁ ታሪኩን ሁሉ በመርከበኛው ላይ አደረገችው። እሳቸውም ገብቷቸው ይሁን አይግባቸው፣ ስለ ልጁ ሊጠይቁ ሲሉ ስለ መርከበኛው ይጠይቃሉ። መርከበኛው ደመወዝ ተጨመረለት። መርከበኛው የራሱን ሱቅ ከፈተ። መርከበኛው የከምባታ ልጅ አገባ፣ እዚያም አገር ሞልተዋል ለካ። ወንድ ልጅ ወለደ። ታረቀኝ ሊኖረው የሚገባውን ዕድሜ ክፍል በክፍል ኖረላት። እኔ ይህን ሁሉ የሰማሁት ገመዱ ላላ፣ ሪሲቨሩ ተበላሸ እየተባለ ስጠራ ነው፤ ሁለተኛ ላልገባ እምላለሁ፣ ተመልሼ እገባለሁ።

ድራማው በቴሌቪዥን አለቀ። ስነግራት «አያልቅም» አለችኝ።

«እትዬ፣ የመጨረሻው ክፍል ትናንት ነበር እኮ።»

«እንግዲያው ከመጀመሪያው ጫንልኝ። እኔ የምፈልገው ድምፁን ነው።»

ከመጀመሪያው ጫንኩላት። እማማ ያው ሙዚቃ ነው የሚሰሙት። ትዝ የሚለኝ፣ ድግግሞሹ መርከበኛው የሰመጠበት ክፍል ላይ የደረሰ ቀን እኔም እዚያው ነበርኩ፣ ሶኬት እየቀየርኩ። ስክሪኑ ላይ የእናትየው ጩኸት ተነሣ። የጩኸቱ ቃል አይለይላቸውም፣ ጩኸት መሆኑ ግን ተሰማቸው መሰለኝ፣ እማማ የእትዬ ተሬዛን እጅ ያዙ።

«ምንድን ነው?»

«ምንም አይደለም እማማ፣ ሙዚቃ ነው።»

እማማ በዚያ ቅኔ በማያውቀው አማርኛቸው ጠየቁ። «የኛ ልጅ፣ ታረቀኝ፣ ሞተ እንዴ?»

ካቻቢቴው ከእጄ ወደቀ። እትዬ ተሬዛ አማቷ ጆሮ ላይ ጎንበስ አለች። ፊቷን አላየሁትም። ድምፅዋ ግን ጥርት ያለ ነበር።

«አልሞተም» አለች። «አልሞተም እማማ።»

«ተመስገን» አሉ እማማ፣ እጇንም ለቀቁ።

ስወጣ እስከ በሩ ሸኘችኝ። «ይቺን ቃል ማንም አልከለከለኝም አይደል?» አለችና ልትስቅ ፈለገች፣ ከንፈሯ ግን አልታዘዛትም። በሩን ዘጋችው። እኔ መንገዱን ተሻግሬ ሱቄ ገብቼ እንደ ሴት ተንሰቀሰቅሁ፤ ማንም ይሳቅብኝ።

እማማ አረጋሽ ያረፉት ክረምቱ ሲወጣ፣ ለመስቀል ሽር ጉድ ሲባል ነው። ጧት ልታስነሣቸው ብትገባ እንቅልፍ እንደወሰዳቸው ሄደዋል። ዕድሜ የጠገበ ሰው ሞት እኛ ዘንድ እንደ ሠርግ ነው፣ ብዙ አይለቀስም። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ከባላቸው ከሞሊሶ አጠገብ ተቆፈረላቸው። አባ ጸሎታቸውን ጨረሱ፣ ሳጥኑ ወረደ፣ አፈሩ ተመለሰ። እትዬ ተሬዛ እስከዚያ ድረስ ቀጥ ብላ ቆማ ነበር። ሰው ወደ ቤት ሊመለስ ዞር ሲል፣ መቃብሩ አፍ ላይ ተንበረከከችና በእጇ አፈሩን ነካ ነካ አደረገችው። እንቅልፍ የወሰደው ሰው መተኛቱን እንደምታረጋግጥ ሁሉ።

ከዚያ ጮኸች።

«ልጄ ሞተ!»

ወደ ቤት የዞረው ሰው ተመለሰ።

«ሞተ! ታረቀኝ ሞተ! ሰዎች፣ ልጄ ሞተ እኮ! ሞተብኝ! ሞተ!»

ደረቷን እየደቃች ያን ቃል ደጋገመችው። ዕድሜዋን ሙሉ ያጠራቀመችው ቃል በሙሉ ወጣ። የአማቷ የሞሊሶ መቃብር እጇ ሊደርስበት አጠገቧ ነው። ወጉን የሚያውቁ የከምባታ አሮጊቶች ቆመዋል፣ አንዷም «ተዪ» አላለቻትም። እነሱ ናቸው ቀድመው ደረታቸውን መምታት የጀመሩት። ከዚያ ሰፈሩ በሙሉ ተቀበለ። ታረቀኝን ያላለቀስነው ለካ ሁላችን ነበርን፤ በየቤታችን አስቀምጠነው ኖረናል። አየለ ባጃጁን ተደግፎ እንደ ሕፃን ያለቅስ ነበር። ለእማማ አረጋሽ የተጠራው ሰው ለታረቀኝ አልቅሶ ገባ።

ሐዘኑ ከተበተነ በኋላ አንድ ከሰዓት ሱቄ መጣች። ፍላሹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«መርከበኛው የሰጠመበትን ክፍል ክፈትልኝ» አለች።

«እትዬ፣ ምን ያደርግልሻል?»

«አላየሁትም እኮ። ሁለቱንም ጊዜ ሳወራ ነው ያለፈኝ።»

በርጩማ ሰጠኋትና ከፈትኩላት። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ምንም ቃል ሳትናገር እስከ መጨረሻው ተመለከተች። አስከሬኑ ወጣ። እናትየዋ ሮጣ መጣች፣ ፊቱን ገለጠች፣ እዚያው ባሕሩ ዳር ወድቃ ጮኸች፣ ሴቶቹ ከበቧት። ልዘጋው እጄን ስዘረጋ ያዘችኝ።

«ታድላ» አለች፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል። «እሷ የዚያኑ ዕለት አለቀሰች።»